በሳሊህ ስም የተቀበረው

ጎህ ሳይቀድ አራት ሰዎች የአጥሬን በር ገፍተው ገቡ። እኔ እንስራዬን አዝዬ ውሃ ልቀዳ እየወጣሁ ነበር። ከፊት የሰፈራችን ሼህ መሐመድዘይን፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም ኋላ ከባለቤቴ ጋር ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ የሚሠራው ኢተፋ። በዚያ ሰዓት፣ ያውም ተሰባስቦ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አዳማ ላይ የማያውቅ አልነበረም። ጊዜው የአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ጎረቤቴ ሰሊማ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ እንስራውን ከጀርባዬ አወረደችና ሁለቱን ክንዶቼን ከኋላ ያዘች። የመርዶ ወግ ነው፤ ባለሐዘኑ እንዳይወድቅ የሚይዘው ሰው ቀድሞ ይነገረዋል። እሷ ማታውን ሰምታ አድራለች ማለት ነው። ለዚህ ነገር በኋላ አንድ ወር አኩርፌያታለሁ።

«ልጄ ቶይባ፣» አሉ ሼሁ፣ «የሰጠው አላህ ነው፣ የወሰደውም እሱ ነው። ሳሊህ ትናንት ካባው ውስጥ ድንጋይ ተንዶበት አለፈ። ጀምበር ሳትጠልቅ አጥበን፣ ሰግደንበት ቀብረነዋል። መርዶ በማታ አይነገርም ብለን ነው እስካሁን የቆየነው። አብሽሪ።»

እሪ አልኩ። ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያልኩ ሰፈሩን ቀሰቀስኩት። ለቅሶዬ የውሸት አልነበረም። ግን የማለቅሰው ለባሌ አልነበረም።

ሳሊህ ሀሰን እንዳልሞተ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወገቡ ተይዞ ከመደቡ መነሣት ቢያቅተው፣ ሰኞ ለታ በቅቤ ነጋዴዎች በቅሎ አስጭኜ ሶደሬ ፍልውሃ የላክሁት እኔው ነኝ። ለሰው አልተናገርንም። ሙሴ ስታማቲ፣ ለምድር ባቡሩ ሀዲድ ጠጠር የሚያወጣው ግሪክ፣ ሁለት ቀን የቀረ ሠራተኛ ስሙን ከመዝገብ ያስፍቃል፤ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የካባ ሰዎች የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አንዱ ሲታመም፣ አዝመራ ሲደርስበት ወይ ሲያገባ፣ ሌላው በስሙ ይገባለታል። ጸሐፊው ሙሉአለም በማለዳው ጨለማ በፋኖስ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል ድምፅ ከሰማ ይበቃዋል፤ ቀና ብሎ ፊት አያይም።

ያን ሰሞን በሳሊህ ስም የገባው ፈዬራ ነበር።

ፈዬራን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከሶደሬ ማዶ፣ ከአዋሽ ዳር የመጣ፣ እንደ ባሌ ቁመቱ የረዘመ ጎልማሳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካባ ሲሠራ የራሱ ስም አንድ ቀን ተጠርቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በታመመ ወይ ባገባ ሰው ስም ነው። «እቴ ቶይባ፣ ዛሬ ሙሽራው ነኝ፣ የነገውን አላውቅም» እያለ ይስቃል። በር እያለ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። እስላም አልነበረም፤ ግን ገበታዬ ላይ ሲቀመጥ እኔን ደስ እንዲለኝ ብሎ «ቢስሚላህ» ይላል። ሳሊህ የእናት ልጅ ወንድም የለውም፤ በእሱ አገኘ። እኔም እወደው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ኢተፋ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ፊቱ ላይ የካባው አቧራ እንዳለ ነው፤ እንባው በአቧራው መሐል መንገድ አውጥቷል።

«ፈዬራ ነው አይደል?» አልኩት በሹክሹክታ።

ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋዩ ፊቱን አልተወለትም። ሙሴ የሞተውን ሰው ስም ጠየቀን። ጠዋት የተጠራው ሳሊህ ነው። ምን እንበለው?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እቴ ቶይባ፣ ተይ፣ እስከ ነገ ብቻ ዝም በይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሴ ካባውን ሲዋዋል፣ ሰው የሞተበት እንደሆነ የሟቹን ስም፣ ያባቱን ስም፣ አገሩንና አሟሟቱን በሦስት ቀን ውስጥ ለዳኛው ለባላምባራስ ወልደአማኑኤል ሊያስታውቅ ፈርሟል። ካላስታወቀ ነፍስ እንደደበቀ ተቆጥሮ ካባው ይዘጋል። ሙሴ በዚህ አይታማም፤ ረቡዕ አደጋው እንደደረሰ ወረቀቱን ልኳል። ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነው። ያን ቀን ባላምባራስ ማኅተም ያሳርፉበትና ነገሩ ይዘጋል።

«ከታወቀ፣» አለ ኢተፋ፣ «ብዙዎቻችን በሰው ስም ነው የምንሠራው፣ ሁላችንም እንባረራለን። እሱስ ይሁን። ሳሊህ ሰው በስሙ ልኮ አስገደለ ይባላል። የፈዬራ ወገኖች ጉማ ቢጠይቁት፣ ከብት የለው፣ የደም ካሳውን በምን ይከፍላል? በነፍሱ ነው የሚከፍለው።»

«የፈዬራ አባትስ?»

ኢተፋ አቧራውን ከፊቱ ጠረገ። ኦቦ ጉተማ ከፈዬራ ሌላ ልጅ የላቸውም። ፈዬራ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨው ይዞላቸው ይሄዳል፤ እሳቸውም ከጎህ ጀምረው ደጃቸው ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መንገድ ያያሉ። ይህን የነገረን ራሱ ፈዬራ ነው፤ አባቱን እየቀለደባቸው፣ ዓይኑ ግን ፈክቶ።

ባሏ የሞተባት የእስላም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። እኔ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም። ሴቶቹ ንፍሮ ሲያወርዱ በጓሮ ወጣሁና የሰሊማን በቅሎ ሳልጠይቃት ፈትቼ ጋለብኩ። «ቶይባ አበደች፣ ያዟት» የሚለው የሰሊማ ድምፅ እስከ ባቡር ጣቢያው ተከተለኝ። ለበቅሎዋ ይሁን ለእኔ የጮኸችው፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ክፉ ነገር ነው፤ ዛሬ በእርጅናዬ አልዋሽም። ሳሊህ በወረቀት ከሞተ ማንም አይፈልገውም። ሻሸመኔ እንወርዳለን፣ ሌላ ስም ይወጣለታል፣ ቅቤ እንነግዳለን። ጉማ የሚጠይቀው የለም። ባሌ በሕይወት ይኖርልኛል። በዚያን ሰዓት የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ሶደሬ የደረስኩት ቀትር ላይ ነው። ከሽማግሌዎች ጋር እስከ አንገቱ ፍልውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘሁት። ሰው እንዲያ ተመችቶት አይቼ አላውቅም።

«ቶይባ፣» አለ ዓይኑን ሲገልጥ፣ «ወላሂ ወገቤ ተፈታ። ምነው መጣሽ?»

«ውጣ፣ ሞተሃል።»

«ማነው የሞተው?»

«አንተ። ትናንት ተቀብረሃል። ሼህ መሐመድዘይን ሰግደውብሃል፣ ንፍሮህም ተቀቅሏል።»

ሳቀ። አብረውት ያሉት ሽማግሌዎችም ሳቁ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ቆሞ የሚስቅ ባል ስላገኘሁ አብሬያቸው ልስቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። ከዚያ ፊቴን ልብ ብሎ አየና ሳቁን አቆመ።

«ፈዬራ?» አለ።

ውሃውን በእጁ ዘግኖ ፊቱ ላይ አፈሰሰ፣ ደግሞ አፈሰሰ፣ ደግሞ። እንባውን የሚደብቀኝ መስሎት ነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ገብቷቸው አንድ በአንድ ወጥተው ብቻችንን ተዉን።

የሻሸመኔውን ሐሳብ ስነግረው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሸማውን ለበሰ፣ ወገቡንም እያሻሸ ተነሣ። «ስለምትወጅኝ ነው እንዲህ ያሰብሽው፣» አለ። «ግን ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ሽማግሌው ወጥተው ይቀመጣሉ። በሚመጣውም ቅዳሜ ይቀመጣሉ። ይህን እያወቅሁ ሻሸመኔ ላይ ቅቤ ልመዝን?»

«ቢገድሉህስ?»

«አንድ ጊዜ ሞቼ የለ?»

ያን ሰው ለምን እንዳገባሁት በደንብ የገባኝ ያን ዕለት ነው። እስከ አዋሽ መሻገሪያ ድረስ ያላነጋገርኩትም ያን ዕለት ነው።

መሻገሪያው ላይ ኦቦ ጉተማ ላሞቻቸውን ሲያጠጡ አገኘናቸው። ሳሊህን ያውቁታል፤ ከፈዬራ ጋር ሁለት ሦስቴ ቤታቸው ሄዶ ወተት ጠጥቷል።

«አካም ጅርታ ሳሊህ፣» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «የኔ ሰውዬስ? ደህና ነው?»

መርዶ በቀትር፣ በመንገድ ላይ፣ ያለ ሽማግሌ አይነገርም። ሳሊህ እጃቸውን ጨበጠና ዓይኑን ወደ ላሞቹ መለሰ። «ደህና ነው አባባ» አልኩ እኔ፣ ምላሴ እየነደደ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

«እንግዲያው ይህን አድርሱልኝ። ቅዳሜ እስኪመጣ ይርበዋል፤ እዚያ ድንጋይ ነው እንጂ ላም አይታለብ» ብለው ጮጮ ሙሉ ወተት አስያዙኝ። ጮጮዋ በደንብ የተሰፋች፣ በጭስ የታጠነች፣ ክዳኗ ላይ ዛጎል ያለባት የወተት ዕቃ ናት። በቅሎዋ ላይ ሆኜ እስከ አዳማ ታቅፌያት ሄድኩ። ሳሊህ ከፊቴ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይሄዳል፤ ወገቡን ሲያመው አያለሁ፣ በቅሎዋ ላይ ውጣ ብለው እንቢ ይላል።

ለቀስተኛው እንዳያየን ከከተማው ውጭ አድረን ዓርብ ማለዳ ካባው ደረስን፤ ከሥሩ ሰልፍ ተይዟል። ዲጂኖና መዶሻቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ቆመዋል። ሙሉአለም ፋኖሱን ሣጥን ላይ አኑሮ፣ መዝገቡ ላይ አጎንብሶ ይጠራል፤ ከየጋቢው ሥር «አቤት» ይባላል። ሳሊህ ከሰልፉ መጨረሻ ገብቶ ቆመ። እኔ ጮጮዬን ይዤ ዳር ቀረሁ። ስሞቹ ተጠርተው አለቁ።

«አቶ ሙሉአለም፣» አለ ሳሊህ፣ «አንድ ስም ዘለሉ። ሳሊህ ሀሰን።»

«እሱማ ሞቷል፣» አለ ሙሉአለም ቀና ሳይል።

«አቤት፣» አለ ሳሊህ።

ሙሉአለም በዚያ ካባ ከተቀጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋኖሱን ወደ ሰው ፊት ከፍ አደረገ። ነገሩን የማያውቁት ከሳሊህ ራቅ ራቅ አሉ፤ አንዱ ቁርኣን መቅራት ጀመረ።

በግርግሩ ሙሴ ስታማቲ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ ላይ ሳሙና እንዳለ ከድንኳኑ ወጣ። ሳሊህ ሁሉንም ነገረው። ስለ ወገቡም፣ ስለ ሶደሬም፣ በስሙ ስለገባው ሰውም።

«አንተ ሞተሃል፣» አለ ሙሴ። «እኔ ጽፌያለሁ። ሦስት ቀን አልጠበቅሁም፣ በሰዓቱ አስታወቅሁ። የትኛው አሠሪ እንዲህ ያደርጋል? ሌላው ጉድጓድ ቆፍሮ ዝም ይላል። እኔ ሕግ አከብራለሁ።» አልዋሸም፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግትር ነው እንጂ። «ደግሞ ፈዬራ የሚባል መዝገቤ ላይ የለም። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው እንዴት እኔ ዘንድ ይሞታል?»

«ድንጋዩን ሲፈነቅል ግን እዚሁ ነበር፣» አልኩት።

ማን እንደሆንኩ ዞሮ አየ። «አንድ ሰው ሞተ፣ አንድ ሰው አስታወቅሁ። ልክ ነው። ዛሬ ይታተማል። አንተ ሌላ አገር ሂድ፣ ለስንቅህ እኔ አለሁ።»

ጮጮዋን እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። «እንግዲያው ይህን ወተት ለማን ልስጠው? አባቱ ለፈዬራ የላኩለት ነው። ትናንት ደህና ነው ብዬ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ነገ መንገድ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቁታል። እርስዎ ይንገሩኝ ሙሴ፣ ሳሊህ በተባለው መቃብር ላይ ላፍስሰው?»

ሙሴ ጮጮዋን አየ። ከዚያ ኢተፋ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደና ከሰልፉ ወጣ።

«እኔም መዝገቡ ላይ ኢተፋ አይደለሁም፣» አለ። «ደገፋ ነኝ። ደገፋ ሞጆ ከወረደ ዓመት ሆነው።»

ከኋላው ሌላ ወጣ። ከዚያም ሌላ። ሥራቸውን እየጣሉ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አቃተው። ከአርባ ሁለት ሰው አሥራ ሰባቱ በሰው ስም ነበሩ። ሙሉአለም መዝገቡን ዘጋና ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

የሙሴ ሳሙና ፊቱ ላይ ደርቋል። «እነዚህ ነገ ቢሞቱ ማንን ነው የማስታውቀው?» አለ። ለማን እንደተናገረ እንጃ። ድንኳኑ ገብቶ ባርኔጣውን ይዞ ወጣ፤ የቀረችውን ጢሙን ሳይላጭ በቅሎው ላይ ተቀመጠ።

ወተቱን የካባው ሰዎች ቆመው፣ አንዳንድ ጉንጭ ተካፈሉት።

ባላምባራስ ወልደአማኑኤል የሚያስችሉት ከጣቢያው በላይ ዋርካ ሥር ነው። ወረቀቱ ከፊታቸው፣ ማኅተሙም ከወረቀቱ አጠገብ ነበር። ሁሉን ከሰሙ በኋላ ወረቀቱን ቀደዱና ሌላ አስጻፉ። ስም ጥሪውም ከዚያ በኋላ ፀሐይ ከወጣች ወዲያ፣ ፊት እየታየ እንዲሆን፣ ሠራተኞቹም እንዳይባረሩ ፈረዱ። ሙሴ እጅ ነሥቶ ሊሄድ ሲል ጠሩት።

«ወዴት ነው?»

«አስታወቅሁ እኮ፣ ባላምባራስ።»

«ለእኔ ነው ያስታወቅኸው። እኔ ምኑ ነኝ? ወረቀቱ ለእኔ ነው፣ መርዶው ላባት ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌ ጋር ሂድና በአፍህ ንገራቸው። የጉማውን ነገር ደግሞ አባትየው ይናገሩ፤ በዚያ እኔ አልገባም።»

ይህን ሲሉ ሳሊህን አላዩትም። እኔ ግን አየሁት።

ያን ማታ ከኦቦ ጉተማ ጎረቤት አደርን፤ ሼህ መሐመድዘይን፣ ኢተፋ፣ ሳሊህ፣ ሙሴና እኔ። ሰው የሰጠሽ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ጮጮዋን አጥቤ አሞሌ ጨው ቀጥቅጬ ሞላሁባት። ሙሴ መንገዱን ሁሉ በቅሎው ላይ ሆኖ «ፈዬራ ጉተማ፣ ፈዬራ ጉተማ» እያለ ይለማመድ ነበር። ስሙን እንዳይስት ፈርቷል። እንዲያ ሲል ስሰማው ነው አንጀቴን የበላኝ።

ጎህ ሲቀድ ደጃቸውን ልናንኳኳ ስንሄድ ሽማግሌው ቀድመውናል። ቅዳሜ ነዋ። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልታኒ፣» ብለው እንዴት አደራችሁ አሉን። ከዚያ ጮጮዋን በእኔ እጅ አዩዋት። ዓይናቸው ከጮጮዋ ወደ ሼሁ፣ ከሼሁ ወደ ሳሊህ፣ ከሳሊህ ወደ ፈረንጁ ሄደ። ጎረቤታቸው ከኋላ መጥቶ ትከሻቸውን ያዘ።

ሙሴ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ አሠሪው ነኝ። ፈዬራ ጉተማ የእኔ ሠራተኛ ነበር። ረቡዕ፣ እኔ ካባ ውስጥ፣ ድንጋይ ወድቆበት ሞተ። እኔ ሌላ ስም ተናግሬ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

ኦቦ ጉተማ አልጮኹም። እንባቸው ብቻ በጢማቸው ወረደ። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስሜን ገና አልጻፉትም ይለኝ ነበር፣» አሉ።

ሙሴ የወረቀቱን ግልባጭ ከኪሱ አወጣ። «ተጽፏል።»

«የቱ ጋ ነው?»

ጣታቸውን ይዞ ስሙ ላይ አኖረላቸው። ከዚያ በኋላ አላነሱትም።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት፣» አሉ ሼህ መሐመድዘይን አጠገባቸው ተቀምጠው። «ሳላውቅ በእስላም ወግ ሰገድኩበት። አውጥታችሁ ወደ አገሩ አምጡልኝ ካሉ እንታዘዛለን።»

«ዱዓ ሰውን አይጎዳም። ወዳጁ ሰፈር ነው ያለው፣ ይተኛ።»

ሳሊህ ተንበረከከ፤ ያ ወገብ እንዴት እንደታጠፈለት እንጃ። «በስሜ ገብቶ ነው የሞተው፣ አባባ። የጉማው ፍርድ የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው አንድ እጃቸው ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ በሌላው የሳሊህን ራስ ዳበሱ።

«ስምህን ይዞብህ ሄደ፣» አሉ። «አንተ ደግሞ መንገዱን ያዝለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ና። ሌላ ጉማ አልጠይቅህም።»

ሳሊህም ያዘለት። ክረምት አዋሽ ሲሞላ ካልሆነ በቀር፣ ሽማግሌው እስኪያልፉ ድረስ ቅዳሜን ቀርቶ አያውቅም። አንዴ ብቻ ያ ወገቡ ተይዞ ከመደቡ መነሣት አቃተው፤ ጨዉን ይዤ እኔ ሄድኩ። በሰሊማ በቅሎ ነው፣ ግን ያን ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ኦቦ ጉተማ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው ከሩቅ አዩኝ።

«ዛሬስ በማን ስም ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«በራሴ፣ አባባ» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው ድንጋዩ ላይ ቦታ ሰጡኝ።